ስፕሪንግ ቡትን ከመጽሐፍ መማር፦ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ ቡና መረከቢያ ሲስተም

ስፕሪንግ ቡትን (በጃቫ የዌብ ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ) በመጽሐፍ ጀምረው መንገድ ላይ የሚተዉ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹን የሚያቆማቸው ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን መጽሐፉ ላይ ያለው ኮድ ፊደል በፊደል ተገልብጦም አልሠራ ማለቱ ነው። እዚህ ጋ ደራሲውም አንባቢውም አልተሳሳቱም። መጽሐፉ የተጻፈበት ቨርዥንና ኮምፒውተሩ ላይ የወረደው ቨርዥን ተለያይተዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ውሳኔ ላይ የቆመ ነው፦ መጽሐፉን በራሱ ቨርዥን ጨርሱት፤ ወደ አዲሱ መሸጋገርን በኋላ ራሱን እንደቻለ ሥራ ያዙት። ሁለቱን ማደባለቅ ጊዜም የኢንተርኔት ዳታም ይጨርሳል።

ጅማ ላይ መጽሐፍ ከቪዲዮ የሚሻልበት ግልጽ ምክንያት አለ። መብራት ሲጠፋ ይነበባል፣ ኔትወርክ ሲደክም አይቆምም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። ኢንተርኔት ላይ የተበታተነ መልስ የሚፈልግ ሰው የሚያጣው ይህን ቅደም ተከተል ነው።

መጽሐፉን ከመግዛታችሁ ወይም ከመዋሳችሁ በፊት

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ገልጣችሁ የፖም.ኤክስኤምኤልን፣ ማለትም የፕሮጀክቱ ላይብረሪዎች የሚዘረዘሩበትን ፋይል፣ ናሙና ፈልጉ። «ስፕሪንግ-ቡት-ስታርተር-ፓረንት» ከሚለው ሥር ያለው ቁጥር ሁሉን ይነግራችኋል። ቁጥሩን ካጣችሁት ኢምፖርቶቹን ተመልከቱ። «ጃቫክስ.ፐርሲስተንስ» የሚል ካለ ቨርዥን 2 ወይም ከዚያ በፊት ነው፤ «ጃካርታ.ፐርሲስተንስ» የሚል ካለ 3 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ገጽ በገጽ የኤክስኤምኤል «ቢን» (ስፕሪንግ ፈጥሮ የሚያስተዳድረው ኦብጀክት) ዝርዝር ብቻ ከሆነ መጽሐፉ የስፕሪንግ (የስፕሪንግ ቡት መሠረት የሆነው ማዕቀፍ) ነው እንጂ የስፕሪንግ ቡት አይደለም። ስፕሪንግ 1.0 የወጣው በ2004፣ ስፕሪንግ ቡት 1.0 ደግሞ በ2014 ስለሆነ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በመካከል የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አሉ። ሐሳቡን ለመረዳት ይነበባሉ፤ እጅ ለማፍታታት ግን አይሆኑም።

መጽሐፉ ቨርዥን 2 ከሆነ፣ 2.1 ይበል 2.4፣ ፖሙ ላይ 2.7.18 ጻፉና ጃቫ 17 ተጠቀሙ። 2.7.18 በኅዳር 2016 ዓ.ም. አካባቢ የወጣ የዚያ መስመር የመጨረሻው ነጻ ቨርዥን ነው፤ የቆየውን ኮድ በአብዛኛው ሳያስቀይር ያሠራል። ለመማሪያ ብቻ ነው፤ የደኅንነት ማስተካከያ በነጻ ስለማይወጣለት ለደንበኛ አታስረክቡት። መጽሐፉ ቨርዥን 3 ከሆነ የመካከለኛውን ቁጥር እንዳለ ያዙ፤ የመጨረሻውን ብቻ ወደ ከፍተኛው አድርሱት።

አንድ ወጥመድ አለ። ፕሮጀክት የሚያዘጋጅላችሁ የስፕሪንግ ኢኒሻላይዘር ድረ ገጽ የሚሰጠው በድጋፍ ላይ ያሉትን ቨርዥኖች ብቻ ነው። ቨርዥን 4 መርጣችሁ ካወረዳችሁ በኋላ ቁጥሩን ወደ ታች መቀየር አይበቃም፤ በ4 አንዳንድ ስታርተሮች (በአንድ ስም የታሰሩ የላይብረሪ ጥቅሎች) ስማቸው ተቀይሯል፤ «ስታርተር-ዌብ» የነበረው «ስታርተር-ዌብኤምቪሲ» ሆኗል። የፎልደሩን አወቃቀር ከድረ ገጹ ውሰዱ፤ የዲፔንደንሲ (ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች) ዝርዝሩን ግን ከመጽሐፉ ገልብጡ።

ጃቫ ራሱን ሳያውቁ መግባት አያዋጣም። መፈተኛው አጭር ነው፦ አንድ ኢንተርፌስ፣ ሁለት የተለያዩ ክላሶች የሚተገብሩት፣ ሦስተኛ ክላስ ደግሞ ኢንተርፌሱን በኮንስትራክተር የሚቀበል። ይህን ሳታዩ መጻፍ ከቻላችሁ ጀምሩ። ካልቻላችሁ መጀመሪያ ወደ ጃቫ መጽሐፋችሁ ተመለሱ፤ የስፕሪንግ እምብርቱ ይህ ነው።

ኮምፒውተሩን ማዘጋጀት

ጄዲኬ 17ን (የጃቫ መሥሪያ ጥቅሉን) አውርዱ፤ ወደ 200 ሜጋባይት ይሆናል። «ጃቫ ሆም» የሚባለውን የሲስተም ተለዋዋጭ ጄዲኬው ወደተጫነበት ፎልደር ጠቁሙት። ከዚያ በተርሚናል የጃቫንም የጃቫሲንም ቨርዥን ጠይቁ፤ ሁለቱም 17 ማለት አለባቸው። አንዱ 8 ሌላው 17 ካለ ከዚህ በፊት ሌላ ፕሮግራም ያስገባው አሮጌ ጃቫ «ፓዝ» ላይ ቀድሟል ማለት ነው፤ የአዲሱን መስመር ከላይ አድርጉት።

ራሙ 8 ጊጋባይት ከሆነ ኢንተሊጄ (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ይሠራል። 4 ብቻ ከሆነ ቪኤስ ኮድን ከጃቫ ኤክስቴንሽኑ ጋር ተጠቀሙ፤ ብሮውዘሩ ላይም ከሁለት ሦስት ታብ በላይ አትክፈቱ። በ4 ጊጋባይት ላይ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ ማስኬጃ) ለመጨመር አትሞክሩ።

ኢንተርኔቱን አንድ ጊዜ ተጠቅሞ መጨረስ

ሜቨን (ፖሙን አንብቦ ፕሮጀክቱን የሚገነባው መሣሪያ) መጀመሪያ ሲሠራ ራሱን ጨምሮ ብዙ የጃር ፋይሎች (የታሸጉ የጃቫ ላይብረሪዎች) ያወርዳል። ይህን በየምዕራፉ በሞባይል ዳታ ማድረግ ኪስ ይጎዳል። የተሻለው መንገድ መጽሐፉ እስከ መጨረሻው የሚጠቀምባቸውን ዲፔንደንሲዎች ከወዲሁ አንድ የሙከራ ፖም ውስጥ ማስገባት ነው፦ ዌብ፣ ታይምሊፍ (የኤችቲኤምኤል ገጽ መሥሪያ)፣ ዳታ-ጄፒኤ (ከዳታቤዝ ማገናኛ)፣ ቫሊዴሽን፣ ሴኩሪቲ፣ ቴስት፣ ኤች2 (ለሙከራ የሚሆን ትንሽ ዳታቤዝ) እና የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ድራይቨር። ከዚያ ጥሩ ኔትወርክ ወዳለበት ሂዱ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ ዋናው ግቢም ሆነ ቂጦ ፉርዲሳ ይሆናል። እዚያ «ፓኬጅ» የሚለውን የሜቨን ትዕዛዝ ቴስቱን ሳትዘሉ አሂዱ። «ጎ-ኦፍላይን» የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ እሱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቴስት ሲሮጥ ብቻ የሚወርዱ ፋይሎች ስላሉ ቤት ስትደርሱ ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በኦፍላይን ምልክቱ (-ኦ) ደግማችሁ ገንቡ። «ቢልድ ሰክሰስ» ካለ ጨርሳችኋል። ተጠቃሚ ፎልደራችሁ ውስጥ ያለውን «.ኤም2» በፍላሽ ገልብጣችሁ አብረዋችሁ ለሚማሩ ስጡ፤ እነሱም ድጋሚ ማውረድ አያስፈልጋቸውም። ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ ሴኩሪቲን ከፖሙ አውጡት። እዚያው ካለ ሁሉንም ገጽ ወዲያው ይቆልፋል፤ እናንተ ደግሞ ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ናችሁ።

ሲወርድ መብራት ወይም ኔትወርክ ከተቋረጠ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይመጣል። አንደኛው «ባለፈው ሙከራ አልተገኘም» የሚል ስህተት ነው፤ ሜቨን አለመሳካቱን መዝግቦ ስለያዘው ኔትወርኩ ከተመለሰም በኋላ አይሞክርም። ትዕዛዙ ላይ -ዩ (በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል) ጨምራችሁ አስገድዱት። ሁለተኛው በግማሽ የወረደ ጃር ነው፤ ስህተቱ ስለ ዚፕ ሄደር ያወራል፣ የፋይሉንም ስም ይጠራል። የዚያን ጃር ፎልደር ብቻ አጥፍታችሁ እንደገና አውርዱ። ሙሉውን ፎልደር ማጥፋት የሚያስፈልግበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

አንድን ምዕራፍ እንዴት እናንብብ

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሲገባችሁም ሳይገባችሁም እለፉ፤ ዓላማው ምዕራፉ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው። ቀጥሎ ኮዱን በእጃችሁ ጻፉት፤ ከፒዲኤፍ ኮፒ አታድርጉ። ከፒዲኤፍ የተቀዳ ኮድ ትምህርተ ጥቅሱና ሰረዙ ሌላ ምልክት ሆኖ ስለሚመጣ ኮምፓይለሩ አይቀበለውም፤ ከዚያ በላይ ግን ያልተጻፈ ኮድ ከጭንቅላት ይጠፋል።

ሠርቶ ካያችሁት በኋላ አውቃችሁ አበላሹት፤ ብዙ አንባቢ የሚዘለው ይህን ነው። አንድ አኖቴሽን አንሱ፣ አስነሱት፣ የመጣውን ስህተት አንብቡ፣ መልሱት። ስፕሪንግ ሳይነሳ ሲቀር ብዙ ጊዜ «ዲስክሪፕሽን» እና «አክሽን» የሚሉ ሁለት አጫጭር አንቀጾች ያወጣል፤ መጀመሪያ እነሱን አንብቡ። እነሱ ከሌሉ ረጅሙን የስህተት ዝርዝር ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ የመጨረሻውን «ኮዝድ ባይ» ፈልጉ። መንስኤው በአብዛኛው እዚያ ነው፤ ከላይ ያለው መንስኤው ያስከተለው ነው።

ምዕራፉ ሲያልቅ ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ) ላይ ኮሚት አድርጉ። ጊት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ መብራት በድንገት ቢጠፋም ወደ ጤነኛው ኮድ መመለሻ ይሆናችኋል።

የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች፦ እዚህ አትቸኩሉ

ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ማለት አንድ ክላስ የሚፈልገውን ነገር ራሱ «ኒው» ብሎ አይፈጥርም፣ በኮንስትራክተሩ ይቀበላል ማለት ነው። ፈጥሮ የሚያቀብለው ስፕሪንግ ነው። ይህን ለመጨበጥ አንድ ኢንተርፌስ ጻፉና ሁለት ክላሶች በ@ሰርቪስ ይተግብሩት፤ ሌላ @ሰርቪስ ደግሞ ኢንተርፌሱን በኮንስትራክተሩ ይቀበል። ሲነሳ «አንድ ጠብቄ ሁለት አገኘሁ» ብሎ ይቆማል። አንዱን በ@ፕራይመሪ ወይም በ@ኳሊፋየር ለዩ። ይህን ስህተት አንዴ በእጃችሁ ያመጣችሁት እንደሆነ ሌላ ጊዜ አያስደነግጣችሁም።

ተቃራኒው ስህተት «ይህ ቢን አልተገኘም» የሚለው ነው። ስፕሪንግ ቡት የሚያስሰው ዋናው ክላስ ያለበትን ፓኬጅና ከሱ ሥር ያሉትን ብቻ ነው። ኮንትሮለሩን ከዚያ ውጭ ካስቀመጣችሁት ምንም ስህተት ሳይታይ ገጹ 404 ይላል። ዋናውን ክላስ ሁልጊዜ ከሁሉም በላይ ባለው ፓኬጅ አስቀምጡ።

ገጹ ላይ የኤችቲኤምኤል ይዘት ሳይሆን የፋይሉ ስም ብቻ ተጽፎ ከመጣ @ኮንትሮለር ማለት ሲገባችሁ @ሬስትኮንትሮለር ብላችኋል። «ሰርኩላር ቪው ፓዝ» የሚል ከመጣ ታይምሊፍ ፖሙ ውስጥ የለም። ፋይሉ አልተገኘም ካለ ኤችቲኤምኤሉ መቀመጥ ያለበት «ሪሶርስስ» ውስጥ ባለው «ቴምፕሌትስ» ነው፤ ሲኤስኤስና ሥዕል ደግሞ «ስታቲክ» ውስጥ። ፖርት 8080 ተይዟል ካለ ቀድሞ ያስነሳችሁት ገና አልቆመም።

የመጽሐፉን ምሳሌ በራሳችሁ ሥራ ተኩት

መጻሕፍት የሚያቀርቡት ምሳሌ ብዙውን ጊዜ ከእኛ ርቆ ያለ ሱቅ ነው። የዳታቤዙ ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ ከመጽሐፉ ጎን ለጎን የራሳችሁን ሥሩ። ለጅማ ሰው ቅርቡ ቡና ነው፦ ማና ወይም ጎማ ወረዳ ያለ አንድ መረከቢያ ከአርሶ አደር እሸት ቡናና ጀንፈል እየመዘነ ይቀበላል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ማታ ሒሳብ ይዘጋል። ሦስት ሰንጠረዥ ይበቃል፦ አቅራቢ፣ የዕለት ዋጋ፣ ደረሰኝ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን መጽሐፉ የማያነሳቸውን ጥያቄዎች ሁሉ ያስነሳል።

ስም። የመጽሐፉ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» እዚህ አይሠራም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሦስት መስክ አድርጉ። ስልክ ቁጥር ስትሪንግ ይሁን፤ ቁጥር ካደረጋችሁት የፊቱ 0 ይጠፋል። ፍለጋ ላይ ደግሞ «ኃይሉ» ብሎ የተመዘገበው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። ሐ፣ ኀ፣ ኃን ወደ ሀ፤ ሠን ወደ ሰ፤ ዐን ወደ አ፤ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው የሚለውጥ ሜተድ ጻፉና ውጤቱን ለፍለጋ ብቻ በሚሆን ሁለተኛ ዓምድ አስቀምጡ። የተመዘገበውን ስም ግን ሰውዬው እንደጻፈው ተዉት።

ክብደትና ብር። «ደብል» አትጠቀሙ፤ 0.1 እና 0.2 ተደምረው በትክክል 0.3 አይሰጡትም፣ የማታው ሒሳብም በሳንቲም እየተንሸራተተ ያስቸግራል። «ቢግዴሲማል» ተጠቀሙ፣ ስትፈጥሩትም ከስትሪንግ ፍጠሩት። ዳታቤዙ ላይ ኪሎ ብቻ አስቀምጡ፤ ፈረሱላን ለማሳየት ያህል በ17 አካፍሉ። 42.5 ኪሎ ልክ 2.5 ፈረሱላ ስለሆነ ሙከራው ያልፋል። 40 ኪሎ ሲመጣ ግን ቁጥሩ ማለቂያ ስለሌለው ፕሮግራሙ ስህተት ጥሎ ይቆማል። ማካፈያው ላይ ስንት አሥርዮሽ እንደምትፈልጉና አጠጋጉን («ሃፍ አፕ») ሁልጊዜ ጻፉ።

ዋጋ። የእሸት ቡና ዋጋ ከቀን ቀን ይለዋወጣል። ደረሰኙ ዋጋውን ከዕለት ዋጋ ሰንጠረዥ እያነበበ የሚያሰላ ከሆነ ነገ ዋጋ ስትቀይሩ የትናንቱ ደረሰኝም አብሮ ይቀየራል። የተገዛበት ዋጋ በደረሰኙ ረድፍ ላይ ተገልብጦ ይቀመጥ።

ድጋሚ መመዝገብ። ፎርሙ ተልኮ በዚያው ገጽ ላይ መልስ ከሰጣችሁ መዝጋቢው ሪፍሬሽ ሲያደርግ ያው ቡና ሁለት ጊዜ ይገባል። ካስቀመጣችሁ በኋላ «ሪዳይሬክት» አድርጉ። ኔትወርክ በሚያንገራግርበት ቦታ ይህ ፈጽሞ አይታለፍም።

አማርኛ ጽሑፍ። «አፕሊኬሽን.ፕሮፐርቲስ» (የቅንብር ፋይሉ) ውስጥ አማርኛ አትጻፉ፤ ስፕሪንግ ቡት ያን ፋይል የሚያነበው በላቲን-1 ስለሆነ ፊደሉ ይበላሻል። የገጽ ጽሑፎችን «መሴጅስ.ፕሮፐርቲስ» ውስጥ አድርጉ፤ እሱ በዩቲኤፍ-8 ይነበባል። ለአማርኛ ኤኤም፣ ለአፋን ኦሮሞ ኦኤም የሚል ቅጥያ ያላቸው ሁለት ፋይሎች ጨምሩ፤ ቅጥያ የሌለው ዋናው ፋይል ግን የግድ መኖር አለበት፤ ከሌለ ስፕሪንግ ቡት የቋንቋ ፋይሎቹን ጨርሶ አይጭናቸውም። ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ ከሆነ ሰንጠረዡ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ይሁን። ዳታቤዙ ውስጥ ራሱ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ጠፍቷል፤ ዓምዱን በኋላ ማስተካከል አይመልሰውም።

ቀን። በ«ሎካልዴት» አስቀምጡ፣ ለማሳየት ብቻ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጡ። የጃቫ የራሱ የቀን ጥቅል የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም፤ «ስሪቴን-ኤክስትራ» የሚባለው ላይብረሪ ግን «ኢትዮፒክክሮኖሎጂ» የሚል ክላስ አለው። 13ኛውን ወር በራሳችሁ ለማስላት አትድከሙ።

የቨርዥን 2 መጽሐፍ 2.7.18 ላይ የሚሰበርባቸው ቦታዎች

እነዚህን አስቀድሞ ማወቅ የብዙ ቀን ድካም ያድናል። የቫሊዴሽን አኖቴሽኖች አልተገኙም ካለ፣ ከ2.3 ጀምሮ ቫሊዴሽን ከዌብ ስታርተር ስለወጣ ለብቻው ጨምሩት። የኤች2 ኮንሶል «ቴስትዲቢ» አልተገኘም ካለ፣ የዳታቤዙ ስም በየመነሻው በዘፈቀደ መሰጠት ስለጀመረ ነው፤ «ጄኔሬት-ዩኒክ-ኔም» የሚለውን ፎልስ አድርጉ። «ዳታ.ኤስኪውኤል» ሲነሳ ሰንጠረዥ የለም ካለ፣ ከ2.5 ጀምሮ ፋይሉ ሃይበርኔት (ክላሶችን ከዳታቤዝ ሰንጠረዥ ጋር የሚያገናኘው ላይብረሪ) ሰንጠረዦቹን ሳይፈጥር ቀድሞ ይሮጣል፤ «ዲፈር-ዳታሶርስ-ኢኒሻላይዜሽን» የሚለውን ትሩ አድርጉ። ሁለት ቢኖች እርስ በርስ ተያይዘው ከሆነ ከ2.6 ጀምሮ አይነሳም፤ ቅንብሩን ከመፍቀድ ይልቅ ኮዱን ለዩት። «ዩዘር» ወይም «ኦርደር» የሚል ሰንጠረዥ የኤስኪውኤል ስህተት ካመጣ ቃሉ ለዳታቤዙ የተያዘ ስለሆነ በ@ቴብል ሌላ ስም ስጡት።

የደኅንነቱ ምዕራፍ

ሴኩሪቲን መልሳችሁ ስታስገቡ ተጠቃሚው «ዩዘር» ነው፣ የይለፍ ቃሉ ሲነሳ ኮንሶሉ ላይ ይጻፋል። ገጽ መክፈት ሠርቶ ፎርም መላክ 403 ካለ የሲኤስአርኤፍ ቶክን (ፎርሙ ከራሳችሁ ገጽ መላኩን የሚያረጋግጥ ምስጢራዊ ኮድ) ጎድሏል። ታይምሊፍ ላይ ተራውን «አክሽን» ትታችሁ የታይምሊፉን «ቲኤች፡አክሽን» ከተጠቀማችሁ ቶክኑን ራሱ ያስገባል። ጥበቃውን ማጥፋት የሚል ምክር ብዙ ቦታ ታገኛላችሁ፤ ብር የሚመዘገብበት ፎርም ላይ አታድርጉት። የይለፍ ቃል ዓምዱን ሰፊ አድርጉ፤ የቢክሪፕት (የይለፍ ቃሉን የሚያመሰጥረው ዘዴ) ውጤት ብቻውን 60 ፊደል ነው፣ የዓይነት ቅድመ ምልክቱ ሲጨመር 68 ይደርሳል።

ሪአክቲቭ፣ ማይክሮሰርቪስና ክላውድ የሚሉትን ምዕራፎች ለጊዜው እለፏቸው። የቴስቱን ምዕራፍ ግን አትዝለሉ፤ ቢያንስ የደረሰኝ ስሌቱን ከ40 ኪሎው ጋር በቴስት ያዙት።

ወደ ቨርዥን 3 መሸጋገርና ሥራ ላይ ማዋል

መጽሐፉ ካለቀ በኋላ አዲስ የጊት ብራንች ከፍታችሁ ፓረንቱን ወደ 3 ቀይሩ። «ጃቫክስ.ፐርሲስተንስ»፣ «ጃቫክስ.ቫሊዴሽን» እና «ጃቫክስ.ሰርቭሌት» ወደ «ጃካርታ» ይለወጣሉ፤ «ጃቫክስ.ኤስኪውኤል» ግን የጃቫ የራሱ ስለሆነ እንዳለ ይቆያል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ፈልጎ መተካት የሚያበላሸው ይህኛውን ነው። «ዌብሴኩሪቲኮንፊገረርአዳፕተር» ስለጠፋ በሱ ፈንታ «ሴኩሪቲፊልተርቼይን» የሚመልስ @ቢን ጻፉ፤ «አንትማቸርስ»ም «ሪኩዌስትማቸርስ» ሆኗል። መጨረሻው ላይ ስላሽ ያለበት አድራሻ ከዚህ በኋላ 404 ይላል።

ወደ መረከቢያው ሲሄድ ኤች2 ይቅር፣ ፖስትግሬስ ይግባ። «ዲዲኤል-አውቶ» የሚለውን ቅንብር በፍጹም «ክሪኤት» ላይ አትተዉት፤ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ሰንጠረዦቹን አጥፍቶ ስለሚፈጥር አንድ የመብራት መቆራረጥ የወቅቱን ደረሰኝ ሁሉ ይወስዳል። «ቫሊዴት» አድርጉና የሰንጠረዥ ለውጡን በፍላይዌይ (የዳታቤዝ ለውጦችን በቅደም ተከተል የሚያስፈጽም መሣሪያ) ምሩ።

ጃሩ «ታርጌት» ፎልደር ውስጥ ይገኛል፤ ጃቫ 17 ወይም ከዚያ በላይ ባለበት ላፕቶፕ ላይ በአንድ ትዕዛዝ ይነሳል። መዝጋቢዎቹ በስልካቸው እንዲገቡ ላፕቶፑንና ስልኮቹን በአንድ ዋይፋይ ወይም ሆትስፖት አገናኙ፤ የላፕቶፑን የውስጥ አይፒ ከ8080 ጋር ብሮውዘር ላይ ይጻፉ። ገጹ ላፕቶፑ ላይ ተከፍቶ ስልክ ላይ ካልተከፈተ የዊንዶውስ ፋየርዎል 8080ን ዘግቷል፤ ፍቀዱለት። ማታ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ «ፒጂ-ደምፕ» በሚለው ትዕዛዝ ዳታቤዙን ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ በሳምንት አንዴ ደግሞ ያን ቅጂ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ጭናችሁ መከፈቱን አረጋግጡ።